እርጥብ አየር፣ ደረቅ ቅጠል፦ የአትክልት መሳቢያዬ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

አትክልት ከተቆረጠ በኋላም በሕይወት አለ። ይተነፍሳል፤ ያጠራቀመውን ስኳር እያቃጠለ ሙቀት ያወጣል። በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በቆዳው በኩልም ውሃው በትነት ይወጣል። መሬት ላይ እያለ ሥሩ የወጣውን ይተካለት ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ግን የሚተካለት የለም። ሰላጣና ቆስጣ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ናቸው። ሰላጣ ከክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ሲያጣ ዓይን ያየዋል። ጫፉ ይታጠፋል፣ ቅጠሉ ይሟሽሻል።

ፍሪጅ ይህን ያዘገያል እንጂ አያቆመውም። እንዲያውም ቅዝቃዜው አትክልቱን ሲያቆየው አየሩ ያደርቀዋል። እኔ የያዝኩት ሥራ ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ የሚመለከት ነው። አዲስ ፍሪጅ ሳይገዛ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ብቻ፣ የአትክልት መሳቢያውን እርጥበት የሚጠብቅ ማድረግ ይቻላል? እየሠራሁ እጽፋለሁ።

መለኪያዎቹን መፈተሽ

ቴርሞሜትር፣ ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ እና ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን አዘጋጀሁ። ከሦስቱ የምተማመነው በሚዛኑ ነው። አትክልቱ ያጣው ውሃ ሚዛን ላይ ይታያል። “ትንሽ የጠወለገ ይመስላል” ከማለት ስንት ግራም እንደቀነሰ ማወቅ በጣም ይሻላል።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት መለኪያዎቹን ፈተሽኩ። ቴርሞሜትሩን የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። በረዶና ውሃ አብረው እስካሉ ድረስ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ሌላ ቁጥር ካነበበ ልዩነቱ የቴርሞሜትሩ ነው ማለት ነው። የእኔው ልክ ነበር።

የእርጥበት መለኪያውን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው የገበታ ጨው ብቻ ነው። የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አደረግኩ። ሳይሟሟ እስኪረጥብ ድረስ ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት። ከዚያ ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ላይ አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አሽጌ ክፍል ውስጥ አሳደርኳቸው። በእርጥብ ጨው ላይ ያለ የታሸገ አየር እርጥበቱ 75 በመቶ ላይ ይረጋል፤ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ 75 በመቶውን ይይዛል። መለኪያዬ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ አነበበ። ልዩነቱን ጀርባው ላይ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የእርጥበት ቁጥሮች ሁሉ ያ ልዩነት ተቀንሶላቸው ነው። ይህ ፍተሻ ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይሠሩት መለኪያ ማመን ግን አይገባም።

መደርደሪያው ላይ ያለው አየር

ቴርሞሜትሩን ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ መሀለኛው መደርደሪያ ላይ አሳደርኩት። ብርጭቆው ለምን አስፈለገ? በሩ በተከፈተ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ይዋዥቃል። ውሃው ግን ቶሎ ስለማይቀያየር አማካዩን ይይዛል። ጠዋት 6 ዲግሪ አነበብኩ። ለምግብ ደህንነት የሚመከረው 4 ወይም ከዚያ በታች ነው። መቆጣጠሪያውን ወደ ብርድ አዞርኩት፤ በማግስቱ 3 ላይ ረጋ።

ይህች ትንሽ ማስተካከያ ብቻዋን ብዙ ትሠራለች። የአትክልት አተነፋፈስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለብዙዎቹ ቅጠሎች ከሁሉም የሚስማማው 0 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትላልቅ መጋዘኖችም የሚይዙት እዚያ ነው። የቤት ፍሪጅ ግን ይዋዥቃል። ሰላጣ ደግሞ ከ0 ትንሽ ዝቅ ሲል በረዶ ይሠራል፤ ሲቀልጥም ሙልጭ ብሎ ይበላሻል። ስለዚህ 3 ላይ ተውኩት።

እርጥበቱ ግን አስደነገጠኝ። መደርደሪያው ላይ በሩ ተዘግቶ ቆይቶ ከ40 በመቶ በታች ነበር። ቅጠል የሚፈልገው ከ95 በላይ ነው።

ፍሪጅ ይህን ያህል የሚያደርቀው ለምንድን ነው? ነገሩ ያለው ማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በውጪ በኩል እንደሚያልበው ሁሉ፣ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሁልጊዜ ከሁሉም ቀዝቃዛ የሆነው ቦታ ላይ ሄዶ ይጣበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ያ ቦታ የማቀዝቀዣው ቱቦ ነው። ከ0 በታች ስለሆነ እርጥበቱ እዚያ ላይ አመዳይ ይሆናል። ለምሳሌ ቱቦው ከ0 በታች 10 ዲግሪ ነው እንበል። በላዩ ያለፈው አየር በዚያ ብርድ እርጥበት የጠገበ ነው። ወደ መደርደሪያው መጥቶ እስከ 4 ዲግሪ ሲሞቅ ግን እርጥበቱ ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። አንድ ጠብታ አልተወሰደበትም። ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ስለጨመረ ነው የተጠማው። ያን ጥማቱን የሚያረካው ካገኘው እርጥብ ነገር ነው። ከሰላጣው፣ ከካሮቱ፣ ክዳን ከሌለው ሳህን።

በረዶ የማይሠራው ዓይነት ፍሪጅ ደግሞ በማራገቢያ ያንን አየር ያለማቋረጥ ያዞረዋል። ከዚያ በየጊዜው ቱቦውን እያሞቀ አመዳዩን ያቀልጣል። ውሃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ከጀርባ በታች ያለች ትሪ ላይ ይንጠባጠብና በሞተሩ ሙቀት ይተናል። የእኔም እንደዚያ ነው። ትሪዋን አይቼ ውሃ አገኘሁባት። አብዛኛው በሩ ሲከፈት የገባ እርጥበት ይሆናል፤ የተቀረው የአትክልቶቼ ነው። ማራገቢያ የሌላቸው፣ በጀርባ ግድግዳቸው ላይ በረዶ የሚጋግሩ ፍሪጆች ከዚህ ይልቅ ለአትክልት ይራራሉ። አየራቸው ብዙም አይንቀሳቀስምና።

ሰላጣ በአራት አቀማመጥ

ከአንድ እቅፍ ሰላጣ የተመሳሳይ መጠን ቅጠሎች መርጬ ለአራት ከፈልኳቸው። እያንዳንዱን ክፍል መዘንኩ።

የመጀመሪያውን እንዲሁ መደርደሪያው ላይ ተውኩት። ሁለተኛውን እንዲሁ መሳቢያው ውስጥ። ሦስተኛውን አጥቤ፣ ውሃው ሳይራገፍ፣ ፌስታል ውስጥ አስሬ መሳቢያው ውስጥ። አራተኛውን ሳላጥብ በደረቅ ሶፍት ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አድርጌ፣ አፉን ሳላጠብቅ አጥፌ መሳቢያው ውስጥ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሚዛኑ ውጤት ግልጽ ነው። መደርደሪያ ላይ የነበረው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ አጥቷል፤ ተጣጥፏል። መሳቢያ ውስጥ ያለፌስታል የነበረው ከዚያ ይሻላል፤ ሆኖም ጠውልጓል። በፌስታል የነበሩት ሁለቱም ክብደታቸው ከሞላ ጎደል አለ።

እዚህ ላይ ሚዛኑ ያልነገረኝን ዓይንና አፍንጫ ነገሩኝ። ሳይራገፍ የታሰረው አንድ ግራም እንኳን አላጣም፤ ታችኛው ቅጠሎቹ ግን ተዝለግልገዋል፣ መሽተትም ጀምረዋል። በሶፍት የተጠቀለለው ንጹህ ነው፤ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ሶፍቱ በመጠኑ እርሷል።

የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። አትክልት የሚፈልገው በዙሪያው እርጥብ አየር ነው፤ በላዩ ላይ የቆመ ውሃ አይፈልግም። ለስላሳ ብስባሽ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ውሃ ያለበትን ቅጠል ይወዳሉ። በተለይ ቅጠሉ በተቀጠፈበት ወይም በተጨፈለቀበት በኩል ይገባሉ። አንዳንዶቹ በፍሪጅ ብርድም ይራባሉ። ሶፍቱ ደግሞ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። ጠብታውን ከቅጠሉ ላይ ይጠጣል፤ የጠጣውን መልሶ ለፌስታሉ አየር ይሰጣል።

አጥቦ ማስቀመጥ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ለኑሮ የሚመች እሱ ነው፤ አውጥቶ መብላት ብቻ ይቀራል። ግን ከታጠበ በኋላ እስኪደርቅ መራገፍ አለበት። በሰላጣ ማሽከርከሪያ ወይም በንጹህ ፎጣ ጠቅልሎ በማወዛወዝ። የፎጣው ዘዴ ለእኔ በቂ ሆኖልኛል።

ላቡ ከየት ይመጣል?

በሶፍት ያልተጠቀለለ ደረቅ ቆስጣ ፌስታል ውስጥ አድርጌ ተከታተልኩ። ደረቅ ገባ፤ በማግስቱ የፌስታሉ ውስጠኛ ግድግዳ በጠብታ ተሸፍኗል። ውሃው ከራሱ ከቆስጣው ነው። ሞቅ ያለ ቅጠል ታሽጎ ሲገባ ፌስታሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ የቅጠሉ እርጥበትም እሱ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ አሁን አትክልት ከውጪ ሲመጣ መጀመሪያ ክፍት እንደሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል መሳቢያው ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይጠቀለላል። ጠብታው በግልጽ ቀነሰ።

ሌላው መንስኤ በር ነው። በሩ ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል። በወጣ ቁጥር ቅጠሉ ይተናል፣ በወረደ ቁጥር ጠብታ ይሆናል። የበሩን ጎማ በወረቀት ፈተሽኩት። ወረቀቷን በሩ ላይ አጣብቆ መሳብ ነው፤ ያለምንም መያዝ ከወጣች ጎማው አይዘጋም። አንዱ ጥግ ላይ ላላ ያለ ቦታ ነበር። ጎማው በቆሻሻ ተጋግሮ ኖሯል፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና ሲታጠብ ያዘ።

መሳቢያውን ማስተካከል

የመሳቢያዬ ተንሸራታች መዝጊያ ምልክቱ ከጠፋ ቆይቷል። ሥራው ግን ቀላል ነው። ሲዘጋ የመሳቢያው አየር ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ እርጥበቱ ይቆያል፤ ይህ ለቅጠላ ቅጠል ነው። ሲከፈት አየሩ ይወጣል፤ እርጥበቱም አትክልቱ የሚያወጣው ጋዝም አብሮ ይሄዳል፤ ይህ ለፍራፍሬ ነው። መሳቢያው የራሱ ውሃ የለውም። አትክልቱ ራሱ የተነፈሰውን እርጥበት ነው የሚያቆየው።

ይህን ከያዝን ቀጣዩ ግልጽ ነው። ባዶ መሳቢያ ውስጥ አንዲት ካሮት ብትገባ ያን ሁሉ አየር ለማርጠብ ከራሷ ብዙ ውሃ ትከፍላለች። መሳቢያው ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሞላ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሰጥቶ አየሩ ይጠግባል፤ መትነኑም ይቀዛቀዛል። ለካሁት። መዝጊያው ተዘግቶ፣ ጥቂት ካሮት ብቻ ሲኖር 60ዎቹ ውስጥ ነበር። በቅጠልና በካሮት ሲሞላ ከ80 አለፈ።

ከዚያ ክፍተቱን ዘጋሁ። ከመሳቢያው ጠርዝና ከላዩ ካለው መስታወት መካከል አየር የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ነበር። በር ላይ ለንፋስ የሚለጠፈውን የስፖንጅ ጥቅል በጠርዙ ዙሪያ ለጠፍኩበት። ብዙ ውፍረት ያለው አይሆንም፤ መሳቢያው አልከፈት ይላል። ቀጭኑ ይበቃል።

ቀጥሎ ወለሉ። መሳቢያው ታች ላይ በውሃ ርሶ ተጨምቆ የተዘረጋ የጥጥ ጨርቅ አደረግኩ። በላዩ ላይ ከፍ የሚያደርግ የፕላስቲክ ወንፊት መሳይ ምንጣፍ አስቀመጥኩ። አትክልቱ ጨርቁን አይነካውም። ጨርቁ አየሩን ያረጥባል፤ ቅጠሉ ግን ደረቅ ነው። መለኪያው 90 አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በላይ ሲሄድ እንደዚህ ያሉ ርካሽ መለኪያዎች ብዙም ስለማይታመኑ ወደ ሚዛኑ ተመለስኩ። በዚህ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል ያልተጠቀለለ ጥቅል ጎመን በሳምንት ውስጥ ያጣው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለስላሳ ቅጠል ግን አሁንም በፌስታል ይሻለዋል። ጥቂት ቀዳዳ የተበሳ ፌስታል፣ ደረቅ ሶፍት ያለበት። ቀዳዳው ለምን? ቅጠሉ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ጥብቅ ብሎ ሲታሰር ኦክሲጅኑ ያልቅና መጥፎ ሽታ ያመጣል።

ካሮትና ሌሎች ሥሮች

አንድ ሥራ ብቻ አለ፤ እሱን ያለማወላወል እንሥራው። የካሮትና የቀይ ሥር ቅጠል እንደመጣ ይቆረጥ። ቅጠሉ ሥሩ ላይ እስካለ ድረስ ውሃውን ከሥሩ እየሳበ ወደ አየር ያወጣዋል። ቅጠሉ የተቆረጠና ያልተቆረጠ ካሮት ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። ቅጠሉ ያለው ቀድሞ ለሰለሰ፤ ሲታጠፍ እንደ ድሮው አይሰበርም። ቅጠሉ ከተቆረጠ፣ ብርዱና እርጥበቱ ከተስተካከለለት ካሮት ለወራት የሚቆይ ጠንካራ አትክልት ነው።

ፖምና ብሮኮሊ

መሳቢያው ጥብቅ ሲል አዲስ ጥያቄ መጣ። እርጥበቱን ያቆየ ጋዙንም ያቆያል። ፖም፣ ፒር፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ፍሬን ያበስላል፤ ቅጠልን ግን ያስረጃል።

ብሮኮሊን ለሁለት ከፍዬ አንዱን ብቻውን፣ ሌላውን ከፖም ጋር በክዳን ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከፖም ጋር የነበረው ቀድሞ ቢጫ ሆነ። ብሮኮሊ ያልፈነዳ አበባ ነው፤ ሕይወቱ ፈጣን ነው፤ ለዚህ ጋዝ ደግሞ በጣም ስሜታዊ ነው። ሰላጣ በዚህ ጋዝ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ካሮት ደግሞ ይመራል፤ መልኩ ምንም ሳይለወጥ የሚመረው ካሮት ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለዚህ ፍራፍሬው ሌላኛው መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ መዝጊያውም ክፍት ነው። አንድ መሳቢያ ብቻ ላለው ሰው ምክሬ መሳቢያውን ለቅጠል መተው ነው። ፖም መደርደሪያ ላይም ይኖራል፤ ቅጠል ግን አይኖርም።

መሳቢያው የማይመቻቸው

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ወጡ። እነሱ የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው፤ ለሽንኩርት የሚመቸው እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው። በእርጥብ መሳቢያ ውስጥ ይበሰብሳል ወይም ያበቅላል። ድንችም ወጣ። ብርድ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል። ጨለማና አየር የሚያገኝ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃዋል፤ ከሽንኩርቱ ግን ራቅ ይበል።

ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች መዓዛውን ያጣል። ሳይበስል ፈጽሞ አላስገባውም። በጣም በስሎ ሊበላሽ ከደረሰ ግን ጥቂት ቀን ፍሪጅ ውስጥ መቆየቱ ከመጣሉ ይሻላል። ኪያር፣ ደበርጃንና ቃሪያም ሙቅ አገር የለመዱ ናቸው። ኪያር ከ10 ዲግሪ በታች ቀናት ሲያሳልፍ ቆዳው ይጎደጉዳል፣ ውሃ የቋጠሩ ቦታዎች ያወጣል። እርጥበት ግን ይፈልጋል። ለእሱ ያገኘሁለት ቦታ በሩ አጠገብ ያለው ሞቅ ያለ የላይኛው መደርደሪያ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ቶሎ የሚበላ።

እንጉዳይ ለብቻው ነው። በወረቀት ከረጢት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በፌስታል ሲታሰር ያልበውና ይዝለገለጋል።

የጠወለገን ማንሳት

በመጀመሪያው ሙከራ መደርደሪያ ላይ ጠውልጎ የነበረውን ሰላጣ አልጣልኩትም ነበር። የግንዱን ጫፍ በቀጭኑ ቆርጬ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ወጣ፤ በፎጣ ተራግፎ ሚዛን ላይ ወጣ። ያጣውን አብዛኛውን መልሷል። ቅጠሉም ቆሟል።

ይህ የሚሆነው የቅጠሉ ሕዋሶች በውስጣቸው ጨውና ስኳር ስላላቸው ነው። ንጹህ ውሃ በስስ ሽፋናቸው አልፎ ይገባል፤ ይነፋቸዋል፤ ቅጠሉን የሚያቆመውም ያ ግፊት ነው። ሕዋሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ይሠራል። በረዶ የመታው ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል የሳሳ ቅጠል ግን የሕዋሶቹ ሽፋን ተቀዷል፤ ውሃ ውስጥ ቢውል ቢያድርም አይነሳም። ካሮትም ይነሳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የለሰለሰ ካሮት ፍሪጅ ውስጥ በውሃ ሳህን አድሮ ጠዋት ቀጭ ብሎ ተሰብሯል።

የተነሳ ሰላጣ ግን ዳግመኛ ለማቆየት አይሆንም። በዚያው ዕለት ይበላ።

ጽዳት

እርጥብ መሳቢያ ለእኛ ምቹ እንደሆነው ለሻጋታም ምቹ ነው። ይህ የሥራው ዋጋ ነው፤ ሊዘለል አይገባም። የታችኛው ጨርቅ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይቀየራል፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። መሳቢያው በየሳምንቱ ተጎትቶ ይወጣል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። የስፖንጁ ጠርዝም ይጠረጋል፤ ካረጀ ይቀየራል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ በፍሪጅ ብርድም ይራባል፤ ስለዚህ የፈሰሰ የሥጋ ውሃ እዚህ መሳቢያ ላይ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ጥሬ ሥጋ ያለበትን ሳህን ከአትክልቱ በታች ወዳለ ቦታ ማዛወር አልተቻለም፤ መሳቢያው ከሁሉም ታች ነውና። ክዳን ባለውና ጥልቀት ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

በየጊዜው አንድ ቅጠል ሲዝለገለግ ወዲያው ይወጣል። አብሮት ያለው ሶፍትም ይቀየራል።

አሁን ያለበት

የመጨረሻው የቀረኝ ድንብላልና ፐርሰሜሎ ነበር። ግንዳቸውን ቆርጬ ጥቂት ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ አቆምኳቸው፤ ከላይ ፌስታል ላላ አድርጌ አለበስኳቸው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ። እነዚህ ሁለቱ ከታች ይጠጣሉ፤ ከላይ እርጥብ አየር አላቸው፤ ቅጠላቸው ደረቅ ነው። በሶፍት ከጠቀለልኳቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አረንጓዴ ሆነው ቆይተዋል። በሶብላ ግን በብርጭቆ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ጠቆረ፤ ብርድ አይችልም። እሱን ከነብርጭቆው አውጥቼ ከፀሐይ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አኑሬዋለሁ፤ እዚያ ተስማምቶታል።